ግራና ቀኝ

ዓርብ ነው፤ አስቀሎን፣ አራተኛ ፎቅ።
ጣቷን በምራቋ አርሳ ካውያውን ነካችው፤ ቸስ አለ።
ከቀኝ ጀመረች ሞሪያ፣ ዘለላ በዘለላ፣
መስታወቱን በክንዷ እየወለወለች።

እናቷ ትርንጎ ከበሩ ላይ፦
«ልብስ ነው እንዴ የሚተኮስ? ማን ጎበጠ አለሽ?»
«ነገ የአጎቴ ልጅ ባር ሚጽዋ ነው።»
«እና ኦሪቱን የምታነቢው አንቺ ነሽ?»

የጆሮዋን ጫፍ ጠበሳት፤ ዝም አለች።
ጀንበር ወደ ባሕሩ አዘቀዘቀች፤ ግራው ገና ነው።

ሳይረኑ ጮኸ።
ሁለቱም የደረጃውን በር አዩ።
አንድ ወጥ ድምፅ፣ የማይወጣ የማይወርድ፤
«የሰንበት ነው» አለች ትርንጎ፣ ትንፋሿ ሲመለስ።
ድምፁ ሳያበቃ ካውያው ተነቀለ።

በቀኟ የተኛ ውሃ፣ በግራዋ ደመና።
እናቷ በግራው እጇን ሰደደች፤
እስከ አንጓዋ ገባ፤

ቶሎ አላወጣችውም።