ቀለህ ለቃሚዋ

ከቢቸና በላይ፣ ከጮቄ ግርጌ ዳር፣
ጉም ሲገፈፍ ብቻ በሚታይ መንደር፣
ሁለት ወንድማማች ባንድ አጥር ነበሩ፣
ባንድ ጡት ያደጉ፣ ባንድ የማይመክሩ።
ታላቅዬው አትንኩት፣ አባቴ እንየው፤
ስም ያወጣች አያት ምን ታይቷት እንደሆን እግዜር ነው የሚያውቀው።

ጤፍ በተወቃ ማግሥት አህያውን ጭኖ፣
ቢቸና ይወርዳል አጎቴ፣ ጎሑን ተማምኖ።
ለሚስቱ ነጠላ፣ ለልጁ ሸንኮራ አያመጣም ከቶ፤
ማታ ይመለሳል ጥይቱን በስልቻ፣ ጭድ መሐል ከትቶ።
አምስት ባንድ ጠገራ፣ ሲወደድ አራት፣
ቂጡ ያልተወጋ፣ ወርቅ የመሰለ አንገት።
ከመደቡ በታች ጋን ቀብሮ እስካንገቱ፣
አፉን በሰም ደፍኖ ይተኛል ካናቱ።
«ክፉ ቀን ሲመጣ ገበያ አይቆምም» ይላል፤
«የዛሬ ቸልታ ነገ ያስለቅሳል።»
እውነቱን ነው። ክፉ ቀን ሰው አያስፈቅድም።
ግን ሠርግም ቢደገስ፣ ጥምቀትም ቢወጣ፣
ካጎቴ ጠመንጃ ድምፅ የሰማ የለም።

አባቴ ድኻ ነው፣ ጠገራ አይቶ አያውቅ፤
ዝናሩ ሃያ ነው፤ ሃያውም አሮጌ፣ ሃያውም ጥርቅምቅ።
ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት ተኩሱ ሲያገሳ፣
ሴቱ እልል ሲል፣ ወንዱ ለፉከራ ሲነሣ፣
እኔ ግን ጎንበስ ብዬ፣ በሰው እግር መሐል
ቀለህ እለቅማለሁ። እጅ ያቃጥላል።
ሲበርድ ባፌ ሳፏጭበት ዋሽንት ዋሽንት ይላል።
አባቴ ይቆጥራል፦
«ይቺ ሦስት ጊዜ ሄዳ መጥታለች፤
የዚች አንገት ተሰነጠቀ። ትረፍ፣ አርጅታለች።»
ማታ ኩራዝ አርቆ፣ ትንፋሹን ቆጥቦ፣
ባሩድ ይሰፍራል፣ እንደ መድኃኒት አዋቂ፣ አስቦ አስቦ።
አንድ ሌሊት አልራቀም ኩራዙ እንደ ልማዱ፤
ሁለት ጣቱ ሄደ።
«ስምንት ይበቃኛል» አለ ሲነጋ፣ ገና ጢስ ጢስ ሲሸት ክንዱ።

ሰፈሩም ያፌዛል፦
«የእንየው ጥይት ትስላለች እንጂ መቼ ትጮኻለች!
ከርከሮው ‹ይማርሽ› ብሏት ድንች ሲቆፍር አይታው ተመልሳለች።»
አጎቴ አይስቅም። አንድ ቀን ግን ካጥሩ ባሻገር ቆመና፣
«አሥር ላበድርህ?» አለው። አባቴ ቆየና፣
«አትንኩት» አለ።
ስሙን ይጥራ፣ ጋኑን ይበል፣
እስከ ዛሬ አልለየልኝም ቃሉ የቱን እንደሚል።

ነሐሴ ነው። ጮቄ ሲያለቅስ ከርሞ፣
ብርድ መታው አጎቴን፤ ሞተ፣ ሦስት ቀን ታሞ።
ተኩስ የሌለው ለቅሶ ለትልቅ ሰው ነውር፤
«የገዛ ጥይቱ ይሸኘው» ተባለ፤ ጋን ወጣ ከምድር።
ሰሙ ሲላቀቅ ግን ውሃ ውሃ ሸተተ፤
በየት እንደገባ እንጃ።
ያ ወርቅ አንገት ሁሉ ሣር መስሎ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሻገተ።
አንዱን ጎረሰ ጠመንጃው። ቀጭ አለ።
ሌላ። ቀጭ። ሌላ።
የሠላሳ ዓመት ጤፍ ባንድ ጠዋት ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

ያኔ አባቴ ተነሣ፣ በስምንት ጣት ዝናሩን ፈታ።
የመጀመሪያዋ ሳለች። ሁለተኛዋ ጮኸች።
ሦስተኛዋ ከሸፈች።
አራተኛዋ ከሸለቆው ማዶ ደርሳ ተመለሰች።
አሥራ ሰባት ቆጠርኩ። የሳቀ አልነበረም።
እኔም ጎንበስ አልኩ፣ በለቅሰኛው እግር መሐል፣ እንደ ወትሮው፤
የሁለቱ አንገት ተሰንጥቆ ነበር። ያን ቀን ግን እንባዬ ነው ያቃጠለኝ፣ ቀለሁ አይደለም።

የጋኑን ጥይት አባቴ አልሸጠም፣ አላቀለጠም።
«እርሳሱ እንኳ አይጠቅምም?» አልኩት።
«ወንድሜ የፈራውን እኔ ላቅልጠው?» አለና ፊቱን አዞረ።
ከዚያ በኋላ ስለ ጋኑ ማንም አልተናገረ።

አሁን መደቡም ፈረሰ፤ ሁለቱም አፈር ናቸው፤
ከዚያ ሁሉ አንዲት ቀለህ ቀረችኝ፣ አንገቷ የተሰነጠቀ።
አትሞላም፤ ለክፉ ቀን አትቀመጥም።
አንዳንዴ፣ ነሐሴ ሲዘንብ፣ ባፌ አፏጭባታለሁ፤
ትንፋሼ በስንጥቋ እየሾለከ የሚወጣው ድምፅ ቀጭን ነው፤
ሳል ይሁን ጩኸት፣
ጎረቤት ነው የሚለየው።