ዘጠና ዘጠኝ

"አንድ" ማለት አዎ ነው፣ "ሁለት" ማለት አይደለም፣
ሰማንያ ስምንት "አላውቅም"፣ ሌላ መንገድ የለም፤
አፏን የያዘች እንደሆን ዘጠና ዘጠኝ ሙዪ፣
አለን ያሠለጠነን ሰው፤ "ፊቷን ግን አትዪ።"

ሰኔ ነው። የፈረንጅ አራዳ አሮጌ ግድግዳ
ዝናብ ጠጥቶ አብጧል፣ እንደ ሰከረ እንግዳ።
አዌቱ ከድልድዩ ሥር ደፍርሶ ያጉረመርማል።
ክላሴሬን በፌስታል ጠቅልዬ ሄርማታ ገባሁ፣
የረውዳ አባ ዲጋን በር ሦስት ጊዜ መታሁ።

በርጩማ ነጋዴ ናት፤ አንዱን ጠርጋ ሰጠችኝ፣
"ከአንድ ግንድ የወጣ ነው፣ ምስማር የለውም" አለችኝ።
ዕድሜ፦ አርባ ስድስት። ትዳር፦ ሁለቴ የፈታች።
ልጆች፦ ሦስት።
(ሁለቱን ስትጠራ ሳቀች፣ ሦስተኛው ላይ አቀረቀረች፤
ለማቀርቀር ሣጥን የለውም።)

አርባ ሁለተኛው ጥያቄ ጋ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣
"ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት..." ብዬ አነበብሁ፣
እንደ ችሎት ጸሐፊ፣ ድምፄን ከቃሉ ነጥዬ፣
ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ እንደ ማኅተም ጥዬ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ መምህር ነበረን፣
የምዕራቡን ዓለም ታሪክ በጠመኔ ያስተማረን፤
"ስለ ሥጋ አፍረው ዝም አሉ የሚባለው ተረት ነው" አለ፣
"ሰው እዚያ መቼ ዝም አለ?
በእንጨት ሣጥን ውስጥ ተንበርክኮ ለቄሱ ለፈለፈ፣
ቄሱ ሲደክመው ሐኪሙ ነጭ ለብሶ ጻፈ፤
ኃጢአት የነበረው በሽታ ሆነ፣ በሽታው የሰው ዓይነት።
ሥልጣን አፍ በማስያዝ ብቻ የሚገዛ አይምሰላችሁ፤
'ተናገሩ፣ ማንነታችሁ እዚያ ነው ያለው' ይላችኋል፤
ይሰማችኋል፤
ይጽፋችኋል።"

ለፈተና ሸመደድኩት። ቢ ፕላስ አገኘሁበት።

ዛሬ ግን ትዝ አለኝ፤ ላገባ ሳምንት ሲቀረኝ
የነፍስ አባቴ ከዋርካው ሥር ቆመው የጠየቁኝ፣
ስሙን እንኳ የማላውቀውን "አድርገሻል ወይ?" ብለው።
"ኧረ በፍጹም!" አልኩ። ማታውን ሳስበው አደርሁ።
ኃጢአቱን ያስተማረኝ ጥያቄው ነው።

ረውዳ በርጩማውን በዘይት ጨርቅ እያሸች
"ይህን ማን ያነበዋል?" አለች።
"ኮምፒውተር። ስም አይገባም፤ ቁጥር ነሽ።"
"ቁጥር ከሆንኩ ታዲያ ለምን አፈርሽ?"

"የመጀመሪያው ባሌ" አለች "ይጠይቅ ነበር፤
የት ዋልሽ፣ ምን አሰብሽ፣ ከማን ጋር።
ሁለተኛው አንድም ቀን አልጠየቀኝም፤ እሱ ባሰ፤
ሁሉን የሚያውቅ እየመሰለኝ ራሴ ነበርኩ የምለፈልፈው።
አንቺ ሦስተኛዬ ነሽ።
ደመወዝ አለሽ እንጂ።"

ቀጠለች፦ "አንቺስ? ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት?"

እስክሪብቶዬ ቆመ። የጠያቂ መልስ የሚገባበት ረድፍ
ወረቀቱን ገልብጬ ፈለግሁ፤ የለም።
ዘጠና ዘጠኝ ጻፍኩ። ለእሷ ይሁን ለእኔ እንጃ።
ዝምታም ቁጥር አለው ለካ፤
ዘግተሽ ብትቀመጪ በሩን ራሱን ይቆጥረዋል።

ያኔ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ጀመር፤
ማንም ማንንም በማይሰማበት ሰዓት
ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ነገረችኝ።
ሳቅን። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።
አልጻፍኩትም።
እዚህም አልጽፈውም።

ማታ አጂፕ ጋ ተቆጣጣሪው ቅጹን እያገላበጠ፣
"ይቺ ሴትዮ ምንም አልተናገረችም?" ሲል ዓይኑን አፈጠጠ።

"አንድ" አልኩት።