የጭጋግ ፈተና

የበርገን ዝናብ ሦስት ሳምንት አለፈው፤
ወደቡን ከመስኮታችን ጠርጎ አጠፋው።
ቱሩን ሁለት ማሽን ጠረጴዛ ላይ ጎልታ፣
«እንግዲህ ምረጥ» አለችኝ መነጽሯን አንስታ።

አንዱ ማክ ነው፤ ብርማ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣
ማራገቢያው እንኳ የማይሰማ ጭምተኛ፤
ዋጋው ሲጠራ ግን አንጀት ይቆርጣል፤
በዚያ ገንዘብ ጀልባ ከነሞተሩ ይመጣል።

ሌላው ዊንዶውስ ነው፤ ጥቁር ሣጥን፣ ሰፊ፣
ሆዱ የሚከፈት፣ ብዙ ዕቃ አቃፊ፤
ሜሞሪ ሲያጎርሱት ጨምሩልኝ ይላል፤
ደንበኛ ቆሞ ሳለ «ልታደስ» ብሎ ይተኛል።

ሲንድረም አልቀረ፣ የቱሩን የእህት ልጅ፣
ለሦስተኛው ሊለምን መጣ እንደ አማላጅ፤
«ሊኑክስ ነጻ ነው፣ ባለቤት የለውም!»
«ባለቤት የሌለው ቤት ሲያፈስ ማንም አይደፍነውም»
አልኩት፤ አሁን ሳስበው ትክክልም አልነበርኩም።

ጭጋጓን ሰጠናቸው፣ የኦድሂልድን ፎቶ፤
ሰማዩ ግራጫ፣ ባሕሩም ግራጫ ተኝቶ፣
በመሐል አንድ ጀልባ፣ ሊጠፋ ትንሽ ቀርቶ፣
ከግራጫ ግራጫ በፀጉር ስንጥቅ ተለይቶ።

ከማኩ አተምን፤ ባሕሩ ሐምራዊ መሰለ።
ከጥቁሩ አተምን፤ አረንጓዴ በቀለ።
ስክሪኑን ለካን፣ ፕሮፋይል ቀያየርን፤
አርባ ሉክ የጥጥ ወረቀት አባክነን ኪሳራ ቆጠርን።

ኦድሂልድ ራሷ መጣች፣ ጃንጥላዋ እያንጠባጠበ፤
ሁለቱን ወረቀት አየች፣ ግንባሯ እየተሸበሸበ፤
የትኛው ከየት እንደወጣ አልጠየቀችም፤
ከአምፖላችን ሥር አንድ ደቂቃ አልቆመችም፤
አንስታ ወጣች ደጅ፣ ከበሩ ጣራ ሥር፤
በዝናቡ ብርሃን እያገላበጠች ስትመረምር
ሐምራዊው ጠራ፤ አረንጓዴውም ሟሟ፤
ቱሩን እኔን ታያለች፣ እኔ ደግሞ የእሷን ጫማ።

ጥፍሯን አሳረፈች ከጥቁሩ ማሽን ሥራ፤
«እዚህኛው ላይ አለ፣ ወንድሜ ከነጀልባው ጋራ።
ያኛው ላይ ሰምጧል» አለች በቀስታ።
«በፎቶው ብቻ ነው?» አላልናት፤ መረጥን ዝምታ።

ጥቁሩን አስቀረን። ቱሩን ማኩን ወስዳ
ሒሳብ ትሠራበታለች፣ የደንበኛን ዕዳ።
ሲንድረ ቅር ብሎት ዛሬም ይወቅሰናል።
ለማሽኑ ሦስት ሳምንት ተከራክረናል፤
ለአምፖሉ ግን ማንም አልተከራከረም፤
በማግስቱ ጠዋት
ቀየርነው፤ ርካሽ ነው፤ ደረሰኙም የለም።