መቶ ስልሳ ፊደል

ሌሊቱን ሙሉ ነፋሱ ቆርቆሮ ሲገሽልጥ አደረ፤
ሲነጋ፣ በሳማር ዳርቻ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ አልነበረ።
ኮኮነቱ ተኝቷል። የስልኩ ማማ ተኝቷል።
የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ሩዝ ማሳው ውስጥ ተደፍቷል።
ባሕሩ ብቻ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው፣
ወደ አልጋው ተመልሷል።

ሚስቴ ፌሊሳ የድስት ክዳን አነሳች፣
በጭልፋ እጀታ ሦስቴ መታች፤
“አለን” ማለቷ ነው።
ከማንጎው ዛፍ ማዶ ሦስት ምት መጣ፤ የእነ ክሪሳንቶ ነው።
ቀጥሎ ባልዲ። ቀጥሎ የመምህርት ሶሊዳድ መጥበሻ፣
ስንጥቋ የሚያስነጥሳት፣ ከሩቅ የማውቃት።
ሚስቴ ምቱን በጣቷ ቆጠረች፤
ጣቷ አልቆ፣ እንደገና ጀምራ፣ ወንዙን አየች።
ከወንዙ ማዶ ድምፅ የለም።

ከወንዙ ማዶ ኢሉሚናዳ አለች።
ስድስት ዓመት ሰላምታ የለንም፣
ድንበር ላይ በበቀለች በአንዲት ኮኮነት፤
እሷም የኔ፣ እኔም የኔ ስንላት፣
ሽማግሌ አድክመን፣ ዳኛ አሰልችተን።
ዛፏ ዛሬ ወንዙ ላይ ተጋድማለች፣
ሥሯ በእኔ በኩል፣ ጫፏ በእሷ ደጅ።
ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል።
በደረቴ ተሳብኩባት።

ባዶ ድስት ታቅፋ ተቀምጣ አገኘኋት።
“ክዳኑን ነፋስ ወሰደው” አለችኝ፤
“በምን ልምታ?”
በስድስት ዓመት የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር።

ከዚያ ስም ለቀማ። በብስኩት ካርቶን ጀርባ፣
በከሰል፣ ቤት ለቤት፣ ቤት የነበረበትም ቦታ ሳይቀር፣
ሃያ ሦስት ስም።
የኔ ስልክ ውኃ ጠጥቷል። የቴዎዱሎን ተዋስኩ፣
ከባለሦስት እግር ሞተሩ ባትሪ ጠብታ በጠብታ የተሞላውን፤
አራት በመቶ።
“እንዳትደውልበት” አለኝ፣ “ጽፈህ ላክ።”

ተራራው ጫፍ ላይ አንድ ቋጥኝ አለ፤
እሱ ላይ ቆመህ ፊትህን ወደ ሌይቴ ካዞርክ፣
ከማዶ ደሴት ትንሽ ኔትወርክ ትመጣለች፣
እንደ ፈሪ ድመት፣ ከተንቀሳቀስክ ትሸሻለች።

አንድ መልእክት፤ መቶ ስልሳ ፊደል።
ሴቡ ላለችው እህቴ ለማርሲያና፤ እሷ ለሁሉም ትደውል።
“እንዴት ነሽ”ን ሰረዝኩ።
“እግዚአብሔር ይመስገን”ንም ሰረዝኩ፤
ይቅር ይለኛል፣ እሱ ፊደል አይቆጥርም።
ሶሊዳድን ሶሊ አልኳት። ክሪሳንቶን ክሪስ።
ኢሉሚናዳን ግን ሙሉዋን ጻፍኳት፤
ልጇ ሪያድ ነው፣ ስሟ ተቆርጦ ቢደርሰው
ሌላ ሴት ትመስለዋለች።

ማካሪዮ ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ።
ሽማግሌው ማካሪዮ ከጀልባው ጋር ሄዷል።
መርዶ በስልክ አይነገርም፤
ሰው ይሰበሰባል፣ በር ቀስ ተብሎ ይንኳኳል።
ዘለልኩት።
ሴት ልጁ ዝርዝሩን ስታነብ፣ ደግማ ስታነብ፣
ከታች ወደ ላይ ስትቆጥር ታየችኝ።
ላክሁት።

ሦስት በመቶ። ሁለት።
ቁልቁል ልወርድ ስል ስልኩ እጄ ላይ ተንዘፈዘፈ፤
“ሁሉንም አነበብኩ። ፌሊሳ አለች።
አንተስ?”

የሰው ስም ስለቅም የራሴን ረስቻለሁ።
ቁጥሩ የቴዎዱሎ ነው፤ ድምፄ የለበትም፣ ስሜ የለበትም፤
እንደ ማካሪዮ ተዘልያለሁ።
“አለሁ” ልል የመጀመሪያውን ፊደል ስነካ
ስክሪኑ ጠቆረ።
መስተዋቱ ላይ አንድ ጭቃ የለበሰ ሽበታም አየኝ።

ነገ ባትሪው ሲሞላ እንደገና እወጣለሁ።
ያ ግን ነገ ነው፤ እሷ ዛሬን ማደር አለባት።
ድንጋይ አነሳሁ፣
በባሕሩ ላይ፣ ወደ ሴቡ ዞርኩ፣
ቋጥኙን መታሁት፤
አንድ።
ሁለት።
ሦስት።