የማይንቀሳቀስ ንብረት

አራት ኪሎ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ከመስኮቱ ጥግ፣
ምዕራፍ ሰባት ላይ ነኝ፤ አክሲዮን፣ ቦንድ፣ የገበያ ሕግ።
ፈተናው ሐሙስ ነው።
የቦንድ ዋጋ ሲወርድ ትርፉ ሽቅብ ይወጣል፤
ይቺን አንዲት መስመር ለማመን ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል።

ምንተስኖት፣ የኢንሹራንሱ፣ ካልኩሌተሬን ተውሶ፣
«ስጋት የመሸከም አቅምሽስ?» ይለኛል፣ ድምፁን ቀንሶ።

ጥያቄ አርባ አንድ፦
«ደንበኛዎ ወይዘሮ ናቸው፤ ዕድሜ ስድሳ ሁለት፤
ስጋት አይወዱም፤ ጥሪታቸው አንድ ቤት…»

እኚህን ሴትዮ አውቃቸዋለሁ።
ዶሮ ማነቂያ፣ በራችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ሲጻፍ፣
እናቴ በነጭ ጋዝ ፈተገችው፤ አልለቀቀም አንድ ጫፍ።
ከዚያ አይሱዙ መጣ።
በሩ ተነቅሎ ተጫነ፣ ቆርቆሮው ተከተለ፤
እሷ ጋቢና ተቀምጣ፣ ቁልፉ እጇ ላይ እንዳለ።

መጽሐፉ «የማይንቀሳቀስ ንብረት» ይለዋል፤ ስጋቱም ዝቅተኛ።
መልሱ «ሐ» ነው።
ከበብኩት።
ምንተስኖት ከኋላ የመልሱን ገጽ ገልጦ «ልክ ነሽ» አለኝ፤
ካልኩሌተሬንም መለሰልኝ።