ከጋብቻችን የሚበልጥ ልጅ

አንቺ ልበልህ ወይስ አንተ ልበልሽ?
ገና አላወቅንም፤ ብቻ እንኳን መጣሽ።

ከብረት ጋን ወጣሽ፣ ከጭጋግ መሐል፤
ውርጭ ውስጥ ስትተኚ ዐሥራ አንድ ዓመትሽ፣ አለች ሐኪሟ፤
እኔና ታቢታ ከተጋባን ዘጠኝ።
ከጋብቻችን ትበልጫለሽ፤
ከውሻችንም።

ሦስት ነበራችሁ። አንዱ በረዶው ሲለቀው አለፈ፣ ስም ሳናወጣለት፤
ታቢታ መኪናው ውስጥ ጓንቷን አውልቃ አለቀሰችለት።

እኔ የሳስካችዋን ገበሬ ነኝ፤ በመስከረም የዘራሁት ስንዴ
በረዶ ለብሶ ከርሞ፣ ሞተ ሲሉኝ፣
በሚያዝያ አረንጓዴ ሆኖ አይቻለሁ።
ስለዚህ «ከብርድ ሕይወት እንዴት?» አላልኩም፤
ጎተራው ውስጥ ተንበርክኬ የጠየቅሁት ሌላ ነው፦
«ጌታዬ፣ የሰው ዘር ነው፤ የኔ ብዬ ልጥራው?»

መልስ አልመጣም። የመጣው ደብዳቤ ነው፣
ከሰጠችን ሴት፣ ከሃሊፋክስ፦
«ልጁ ማፏጨት ከወደደ ከአባቴ ነው፤ አትከልክሉት።»
ሦስቴ አነበብኩት፤
አራተኛውን እንደ ዳዊት፣ ቆሜ።

ዛሬ ታቢታ ቁልፉን ከዱቄት ዕቃው አወጣች፤
ስድስት ዓመት የተዘጋው ቢጫው ክፍል ተከፈተ።
እኔም፣ ፉጨት የማልችለው፣
ትራክተሬ ላይ ከንፈሬን አሞጥሙጬ
እለማመዳለሁ።