ሁለት ጣሳ

ከመተማ መጣ፣ ሁለት ጣሳ ዱቄት፤
አንዱ ክሬቲን ነው፣ ፕሮቲኑ ከወተት።
አዛናውን ጠየቅሁ፣ አዘዞ ጂም ቤቱ፣
ሲሚንቶ የሞላ ባልዲ ነው ብረቱ፦
"ከማንሳቴ በፊት ነው? ወይስ ካነሳሁ?"

"ክሬቲን" አለኝ ሳቅ ብሎ፣ "ሰዓት አያውቅም፣
ጧት ብትረሳው እንኳ ማታ አይቀየምም፤
አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሳትዘል፣ በየቀኑ፣
ውሃ ግን ጠጣበት፣ እሱ ነው ወገኑ።"
"ፕሮቲኑስ?" ስለው ግን ቀና ብሎ አየኝ፣
"ወተት አይደል እንዴ? ሁዳዴ ነው" አለኝ።

ጣሳውን ሳልከፍት ቁምሳጥን ላይ ሰቀልኩ፣
በዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽምብራ ቆረጠምኩ፤
ባቄላ ጨመርኩኝ፣ ምስር ደረብኩበት፤
ጡንቻም ክርስቲያን ነው፣ ይጹማ ምናለበት!

ማንኪያዬን ደልድዬ ቧንቧውን ከፈትኩት፦
ሽ… አለና ቀረ። ዘጠኝ ቀን ሞላበት።
ሁለት ጀሪካን ይዤ ቁልቁል ወደ ቦቴው።

ዳገቱን ስመለስ፣
እትዬ ፈንታነሽ በር ላይ ቆመው ኖሮ፣
"ያ ሁሉ ዱቄትህ ለመቼ ነው ዘንድሮ?
የኔንም አምጣልኝ።"
አመጣሁ። ደግሞ የጎረቤታቸውን።

ሲመሽ አዛናው ደወለ፦ "ዛሬ ቀረህ፣ ምነው?"
"ስምንት ጀሪካን" አልኩት፣ "ዳገት፣ አራት ዙር ነው።"
ማንኪያዋን በጠበጥኩ፤ ዱቄቱ ሰጥሟል፣
ውሃው ግን ትንሽ… ጋዝ ጋዝ ይላል።